ልጄ ከማን እጅ ትብላ

ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት ማታ ማታ እኔን ማቃጠል ሥራዬ ብላ ያዘችው። ራት ሳቀርብ አፏን በሁለት እጇ ሸፍና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሽሮ ሲሆን እንቁላል ትላለች። እንቁላሉን ስጠብስ «ቢጫውን አልወድም» ትላለች። ቢጫውን ለይቼ ሳወጣላት «ቢጫው የታለ?» ብላ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ሁሉንም አንስቼ፣ ዕቃ አጥቤ፣ ፊቷን አብሼ፣ የሌሊት ልብሷን አልብሼ፣ መብራት አጥፍቼ ጎኗ ጋደም ስል፣ ጨለማው ውስጥ ጥርት ባለ ድምፅ «ማሚ፣ ራበኝ» ትለኛለች።

«ምን ልስጥሽ?»

«ዳቦ።»

ተነስቼ መብራት አበራለሁ። ዳቦውን ለሁለት ቆርሼ ግማሹን እሰጣታለሁ። ጉዱ የሚፈላው ያን ጊዜ ነው።

«ለምን ቆረስሽው?»

«ሙሉውን ስለማትጨርሺው ነዋ።»

«ሙሉውን ነበር የምፈልገው!»

ሌላ ሙሉ ዳቦ አመጣላታለሁ። አትቀበልም። የምትፈልገው ያንኑ የተቆረሰውን ነው፣ ግን እንዳልተቆረሰ ሆኖ። ሁለቱን ግማሾች እያስጠጋች «መልሺው» ትለኛለች። የተቆረሰ ዳቦ አይመለስም እናቴ፣ እላታለሁ። ጩኸቷን ትለቀዋለች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ግድግዳው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያውቃል። ከታች ያሉት ባልና ሚስት ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይመቱታል። እሷ አልቅሳ አልቅሳ ትተኛለች፤ ዳቦው በሁለት ግማሽ ትራሱ አጠገብ ያድራል።

እኔ በዚያን ጊዜ ቂሊንጦ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ እገጥማለሁ። ሰርቪሱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይመጣል፣ ማታ አንድ ሰዓት አካባቢ ይመልሰኛል። ሰርቪሱ ሠራተኛው እስኪሞላ ስለሚቆም፣ ከፋብሪካው በር ውጪ ከምትቸረችረው ሴት ሁለት ሳምቡሳ ገዝቼ ቆሜ እበላለሁ። ከዚያ አራት ፎቅ ደረጃ አለብኝ፤ ውሃ በጠፋ ቀን ደግሞ ጀሪካን ይዤ። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ሩቅ አገር ነው፤ በሁለት ወር አንዴ ይመጣል። በስልክ «አልበላም አለችኝ» ስለው «ሲርባት ትበላለች» ይለኛል። ሲርባትማ ትናገራለች፤ ችግሩ የሚርባት እኔ ስጋደም መሆኑ ነው።

ያልሞከርኩት የለም። ጅብ መጣ ብዬ አስፈራራሁ፤ «ይምጣ» አለችኝ። ዶክተር መርፌ ይወጋሻል አልኩ፤ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ስልኬን ከፍቼ ካርቱን አሳየሁ፤ አየች እንጂ አልበላችም። ለመንኳት፣ ጮህኩባት፣ አንድ ማታ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷም እያየችኝ አፏን እንደሸፈነች ቀረች። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሰዓት ልጄን አልወዳትም ነበር። ተኝታ ሳያት እንደገና እወዳታለሁ። ስትነቃ ደግሞ እኔ የለሁም፤ በጨለማው እንደተኛች አንስቼ ጎረቤት አስረክቤያት ሄጃለሁ።

ጎረቤቴ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። የስልጤ ሰው ናት። ባሏ ምድር ቤት ባለው ሱቅ ውስጥ ይውላል፣ ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት፣ ሦስቱም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ሠራተኛ ፍለጋ ስንከራተት አይታኝ፣ ደረጃ ላይ አስቆመችኝና «ምን ያንከራትትሻል? ወዲህ አምጪያት» አለችኝ። «ሦስት ወንድ ያሳደገ ቤት አንዲት ሴት አታቅተውም።» ስንት ልክፈልሽ ብላት «ልጅ ይከራያል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን እኔ በተግባር አይቼዋለሁ።

ልጄ ምግብ ስትጀምር ጎረቤቴ አንዲት ትንሽ ድስት ገዛች። እኛ ብሎክ ውስጥ ክርስቲያንና እስላም አንድ ጀሪካን ውሃ ይካፈላል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ይጠብቃል፤ ሥጋ ግን ሁሉም የየራሱን ነው። እኛ የእነሱን እርድ አንበላም፣ እነሱም የእኛን። ማንም ለማንም አያስረዳም፣ ማንም በማንም አይቀየምም። እሷ ድስቷን ለብቻዋ ሚስማር ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። «እዪው፣ ይሄ የልጅቷ ነው። ሥጋ አያውቀውም፣ ማንኪያውም ለብቻው ነው» አለችኝ። ሦስት ዓመት ያህል ልጄ ከዚያች ድስት ምስር በላች፣ ሽሮ በላች፣ ድንች በላች። አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።

አንድ እሑድ፣ የእረፍት ቀኔ ነው፣ ልብስ ሳጥብ ልጄ ድምፅዋ ጠፋብኝ። የጎረቤቴ በር እንደ ወትሮው ክፍት ነው፣ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። ገለጥ አድርጌ አየሁ። ሦስቱ ወንዶች መሬት ላይ ትሪ ከበው ይበላሉ፣ እናትየው መሃላቸው። የልጄ ሳህን ትሪው ላይ፣ ጫፍ ተቀምጧል። ጎረቤቴ «ቢስሚላህ» ብላ ከሳህኑ አጠቀለለች። ልጄ አፏን ከፈተች። በጣም ነው የከፈተችው። ትንሹ ልጅ ለመቅደም ሲጣደፍ እሷም ትጣደፋለች፣ በሁለት ጉንጯ ሞልታ ሌላ ትጠይቃለች፣ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ቢጫ የለ፣ ነጭ የለ። ሳህኑ ሲያልቅ በጣቷ ጠረገችው።

ወጥቼ መሄድ ሲገባኝ ገባሁ። «እኔ ቤት እኮ አትበላም» አልኩ፣ የምስቅ ለመምሰል እየሞከርኩ።

ጎረቤቴ እጇን እየታጠበች «ስታበያት አብረሻት ትበያለሽ?» አለችኝ።

«እኔማ በልቼ ነው የምመጣው።»

«እሱ ነዋ። ልጅ ብቻውን አይበላም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? ቁጭ ብለሽ አብረሻት ብዪ፤ ከእጅሽ ትበላለች።»

ይኼን ያህል ነው የተናገረችው። በክፋት አልነበረም። በጆሮዬ የገባው ግን «ልጅሽን ማብላት አታውቂም» የሚል ነው። ቤቴ ተመልሼ የቀረውን ልብስ ሳሽ እጄ እስኪላጥ አሸሁት። ቀን ሙሉ ልጄ እሷ ዘንድ ነች፤ የመጀመሪያ እርምጃዋን ያየችው እሷ ናት፣ የመጀመሪያ ጥርሷን ያገኘችው እሷ ናት። አሁን ደግሞ ማብላቱንም ልታስተምረኝ ነው አልኩ። ምክሩን ለአንዲት ማታ እንኳ አልሞከርኩትም። ማታ ማታ ልጄ ፊት ሳህን አስቀምጬ፣ እኔ ማዶ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ከተኛች በኋላ ከድስቱ ላይ ቆሜ እበላለሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። ልጄ እልኸኝነቷን ከየት እንዳመጣችው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ባለች አንዲት ማታ መኮሮኒ ሠራሁ፤ መኮሮኒ ትወዳለች። እንደ ልማዷ አፏን ሸፈነች። ሹካውን ሳስጠጋ እጇን ዝቅ አድርጋ «መጀመሪያ ቢስሚላህ በይ» አለችኝ።

«እኛ እንደሱ አንልም። እኛ በስመ አብ ነው የምንለው።»

«እማ እንደዛ ነው የምትለው።»

«እማ ማናት? እናትሽ እኔ ነኝ።»

ልጄ ትንሽ አሰበችና ረጋ ብላ አስረዳችኝ። «አንቺ ማሚ ነሽ። እማ እዛ ናት» አለች፣ በሩን በጣቷ እያሳየች። ወንዶቹ እናታቸውን እማ ስለሚሉ እሷም እማ ትላለች። ይኼን ለሦስት ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ሲያስቀኝ ነው የኖረው። ያን ዕለት ጭኗን በጥፊ መታኋት። የአምስት ጣቶቼ ምልክት ወጣ። አላለቀሰችም፤ ምልክቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ አፏን መልሳ ሸፈነች። መብራት ሳጠፋ እንኳ ራበኝ አላለችኝም። ቅናት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ሌሎች ሴቶች ላይ አይቼ እስቅ ነበር።

አረፋ የዋለው በዚያው ሰሞን ነው። በበዓሉ ማግስት ከሥራ ስመለስ ደረጃው በሙሉ ጥብስ ጥብስ ይሸታል። ጎረቤቴ በሩ ላይ ልጄን ታቅፋ ጠበቀችኝ፤ እጇ ላይ አዲስ ሂና ነበር፣ የልጄም መዳፍ ላይ ትንሽ አበባ ሠርታላት ነበር። ልጄን ስቀበላት ፀጉሯ ሥጋ ሥጋ ሸተተኝ። ሥጋ የተጠበሰበት ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ይሸታል። የእኔም ሹራብ ደረጃውን ስወጣ ብቻ ሸትቶ ነበር። ይኼ ሁሉ ይገባኛል። ግን አፌ ቀደመኝ።

«ልጄን ሥጋ አብልተሻታል!»

ጎረቤቴ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ፊቴን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። «ወላሂ አላበላኋትም» አለች። «እንዴት አድርጌ? ቆይ።» ወደ ውስጥ ገብታ ያችን ድስት አምጥታ ከፈተችልኝ። እስከ ግማሹ ምስር ወጥ ነበረበት፣ የልጄ ማንኪያ ውስጡ።

«ምስሩ ለማስመሰያ ነው» አልኩ።

ይኼን የተናገርኩት ምስሩን እያየሁ ነው። ድምፄንም ሆን ብዬ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ የፎቁ በሮች ሲከፈቱ ሰምቻለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ «ልጄ ካንቺ እጅ መብላቷ አቃጠለኝ» ማለት አቅቶኝ ሃይማኖቴን አነሳሁ። ሃይማኖት ደግሞ ጥሩ ሰበብ ነው፤ ማንም መልስ የለውም። እኔ በዓመት ስንት ቀን ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ ለማንም አልነግርም።

ጎረቤቴ ድስቷን ከደነች። «ሃይማኖትሽ ከሆነ አልከራከርሽም» አለች። ልጄ ሁኔታው ሳይገባት አልቀረም፣ ከእኔ እቅፍ ተንጠራርታ የጎረቤቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ልጎትታት ስሞክር ጮኸች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ጎረቤቴ ናት፣ እኔ አይደለሁም። አላቃ ሰጠችኝ፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ ከመጋረጃው ኋላ ያለውን በር ዘጋችው። በዚያ ቤት በር ሲዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ድስቷ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች። ታጥባለች። ውስጧ ማንኪያው፣ የልጄ ሹራብና አንድ እግር ካልሲ አለ። ሌላኛውን እግር ካልሲ ጠፍቶብን ለሁለት ሳምንት ስንፈልገው ነበር። ድስቷን ከነክዳኗ ቁም ሳጥኑ ሥር ከተትኳት።

ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የሕፃናት ማቆያ አገኘሁ። ንጹሕ ነው፣ አልጋ አለው፣ ሴቶቹ ሽርጥ ለብሰዋል። ልጄን እዚያ እያደረስኩ ወደ ሥራ መሄድ ጀመርኩ። ማታ ስመልሳት አራተኛ ፎቅ ስንደርስ እጇን ከእጄ አውጥታ በቀጥታ ወደ ማዶው በር ትሄዳለች። በጠፍጣፋ መዳፏ ትመታዋለች።

«እማ! መጣሁ!»

ማንም አይከፍትም። ውስጥ የወንዶቹ ድምፅ ይሰማና ወዲያው ዝም ይላል፤ አንድ ሰው «ሽ» ሲል እሰማለሁ። ልጄ ትጠብቃለች። እንደገና ትመታለች።

«እማ! ራበኝ!»

ራበኝ የምትለው እዚያ በር ላይ ሆኗል። እኔ ቤት ውስጥ ስታለቅስ ቆይታ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ሾርባ በማንኪያ ሳስጠጋላት ጥርሷን ትገጥማለች። እኔም በሩ ላይ አልጎትታትም፤ ይውጣላት ብዬ የራሴ ደፍ ላይ ቁልፌን ይዤ እቆማለሁ። ያን በር ሄጄ ማንኳኳትና «ውሸቴን ነው» ማለት የሦስት እርምጃ መንገድ ነበር። ሦስት እርምጃ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በየዕለቱ ነገ እላለሁ። ከቀናት በኋላ አንድ ማታ ልጄ በሩን ሳታየው አልፋ የእኛ በር ፊት ቆመች። እስክከፍት ጠበቀች። ተገላገልኩ አልኩ፤ ደስ ብሎኝም ነበር።

ማቆያው ውስጥ ሳህኑን ያልጨረሰ ልጅ ከወንበሩ አይነሳም። ሌሎቹ ሲጫወቱ እሱ ሳህኑን ይዞ ይቀመጣል። ይኼን ሲነግሩኝ ጥሩ ሥርዓት ነው ብዬ አመሰገንኳቸው። ከወር በኋላ ልጄ ማታ የሰጠኋትን ሁሉ መብላት ጀመረች። ሽሮ ስሰጣት ሽሮ፣ እንቁላል ስሰጣት ከነቢጫው። ዳቦ ቆርሼ ስሰጣት የተቆረሰውን ትቀበላለች። ጨርሳ ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ማጠቢያው ትወስዳለች፤ አይደርስላትም፣ ግን ሥሩ ታስቀምጠዋለች። «አመሰግናለሁ» ትላለች። መብራት ሳጠፋ ትተኛለች።

ሥራ ቦታ አብረውኝ ለሚሰፉት ሴቶች አወራሁ። ለባለቤቴ ደወልኩ። «ማቆያው አስተካከላት» አልኩት። «አላልኩሽም?» አለ፣ ስለ ማቆያ አንድም ቃል ብሎኝ ሳያውቅ። ሁለት ሳምንት ያህል ሌሊቱን በሙሉ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ወገቤን እንኳ አያመኝም ነበር።

ከዚያ አንድ ማታ ጎኗ ጋደም ብዬ ጨለማው ውስጥ ድምፅዋን ስጠብቅ ራሴን ያዝኩት። ትንፋሿን እያዳመጥኩ፣ አሁን ትለኛለች አሁን ትለኛለች እያልኩ። ምንም አላለችም። «አልራበሽም?» አልኳት ቀስ ብዬ። «አልራበኝም» አለች። «ዳቦ ላምጣልሽ? ሙሉውን?» አልኳት። «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ።» ነቅታ ነበር። ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን እያየች ነበር፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ያን ሌሊት እኔም አልተኛሁም።

በማግስቱ ሳምቡሳውን ተውኩት። ሆዴ እየጮኸ ቤት ገባሁና፣ አንድ ሳህን ላይ ለሁለታችን አቅርቤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። የጎረቤቴን ምክር ሰርቄ ማለት ነው። በልቼ አጎረስኳት። አፏን ከፈተች። ጉርሻው ሲቀርብ ለክኒን እንደሚከፈት አፍ ነው የከፈተችው፤ አላምጣ ዋጠች፣ ሌላው እስኪመጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አልሳቀችም፣ አልተጣደፈችም። «ይጣፍጣል?» ስላት ራሷን ነቀነቀች። ብዙ ማታ እንደዚያ በላን። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚሉት ለእኔ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎረቤቴን ደረጃ ላይ አገኛታለሁ። ቀድማ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት። ግን «እንዴት አደርሽ» ማለቷ ቀርቷል። «እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። እኩያሞች ነን፤ እንዲያውም በአንድ ዓመት ታላቄ ሳትሆን አትቀርም። ባሏም ሱቅ ስገባ «ምን ልስጥዎት?» ይለኛል። ጎረቤቴ ልጄን ካየች ዓይኗን ወደ ደረጃው ዝቅ ታደርጋለች። ልጄም እንዲሁ ታደርጋለች። ሁለቱ ተማክረው ያደረጉት ይመስል ነበር።

አንድ እሑድ ግቢ ውስጥ ብርድ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ሄጄ ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩ። አልከለከለችኝም። ስንጠመዝዘው ውሃው እግራችን ላይ ፈሰሰ፤ ቀና ብዬ ማየት ስላልቻልኩ ለብርድ ልብሱ ነው የተናገርኩት።

«ያን ዕለት የተናገርኩት ውሸት ነበር። ሥጋ እንዳላበላሻት አውቅ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

መጠምዘዜን አቆምኩ። «ታውቂያለሽ?»

«ድስቱን ስታዪ ዓይንሽን አየሁት። እኔም እናት ነኝ፣ መቅናት አውቃለሁ።» ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ሦስት ዓመት ስንኖር ሰምቼው አላውቅም። «ልጄ ናት አልል፣ አይደለችም። ሃይማኖት ካነሳሽ ደግሞ አፌን ዘጋሽው። አንድ ቃል ብጨምር፣ ያ ሁሉ ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ የክርስቲያን ልጅ ልታሰልም ነው አይለኝም? ሦስት ልጆች አሉኝ። ሱቁም እዚሁ ነው። ይኼን አላሰብሽም?»

አላሰብኩም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «አላህ ይቅር ይበለን» አለች። ብርድ ልብሱን ገመዱ ላይ ጣልነው። እኔም ያን ያህል ካገኘሁ ብዬ ቀጠልኩ። ልጅቷ ወዳንቺ ትመለስ፣ ማቆያውን ልተወው፣ ለፎቁ ሰው ሁሉ መዋሸቴን እኔ ራሴ እናገራለሁ፣ አልኳት። ድስቷንም እመልሳለሁ ልላት ነበር፤ አስቆመችኝ።

«አይሆንም።»

«ስለ እሷ ብለሽ። ታውቂያታለሽ እኮ፣ አንቺን ነው የምትወደው።» ይኼን በአፌ ማለት ምን ያህል እንደከበደኝ እሷ ታውቃለች።

«በሩን ስትደበድብ ከውስጥ ቆሜ ነበር» አለችኝ። «ልጆቼን አፋቸውን ይዤ። አሥራ አንድ ቀን ነው የደበደበችው። ራበኝ ስትል ምግቡ እጄ ላይ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሳትደበድብ አልፋ ስትሄድ እግሯን ሰማሁ። እኔ ያንን ሁለተኛ አልሰማም። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይሸትሽና ትወስጃታለሽ።»

አልወስዳትም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ባልዲዋን አነሳችና ወደ ብሎካችን ገባች።

ወደ ላይ ስወጣ ልጄ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ነበር። ትቼላት የወረድኩትን ምሳ ጨርሳለች፤ ሳህኑ ላይ ምንም የለም፣ እጇ ጭኗ ላይ ነው። እንድትነሳ እስካልተነገራት አትነሳም። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ፀጉሯን ነካሁት። ድስቱ ውስጥ ገና ወጥ አለ።

«ልጨምርልሽ?» አልኳት።

ወደ ድስቱ ሳይሆን ወደ ፊቴ አየች፣ ግንባሬን፣ አፌን፣ ቀስ ብላ። የትኛው መልስ እንደማያስቆጣኝ እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ።

«ማሚ፣ ልብላ ወይስ ይብቃኝ?»

«አንቺ ነሽ የምታውቂው እናቴ። ርቦሽ ከሆነ ብዪ፤ ካልራበሽ እምቢ በዪ። እንደፈለግሽ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ።